ከድሪባ መርጋ ሰዓት እስከ ቤቲንግ ትኬት

ነሐሴ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ፣ የወፍ ጎጆ የሚሉት ስታዲየም። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2:06:32 የኦሊምፒክ ማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አጥልቋል። ሞሮኳዊው ጃዋድ ጋሪብ በ2:07:16 ተከትሎታል። ለነሐሱ ወደ ስታዲየሙ ቀድሞ የገባው ከወለጋ የወጣው ድሪባ መርጋ ነበር። እግሩ ግን አልቆለታል። ከኋላው ፀጋዬ ከበደ መጣ፣ ትራኩ ላይ ደረሰበት፣ አለፈው። ፀጋዬ 2:10:00፣ ድሪባ 2:10:21። ልዩነቱ 21 ሰከንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ፣ ሌላው አራተኛ ተብሎ ባዶ እጁን።

ድሪባን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በዚያች የመጨረሻ ዙር ነው። "የሚደክም ልጅ ነው" የሚል ስም ወጣለት። ታዲያ አንድን ሯጭ በአንድ ሰዓት መመዘን ይቻላል ወይ? የዛሬው ወሬያችን እዚህ ላይ ነው። የስፖርት ገጽ ገልጣችሁ ሒሳብ ስታገኙ ግን አትደንግጡ፤ ጎሉም ሰዓቱም ሳይቀር አይቀርም።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ ያለ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲገባ የሒሳብ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ የሚለው ምዕራፍ ደግሞ ከመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ነው። የትምህርት ዘመኑ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው እንዲህ ያለው ምዕራፍ መሆኑን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በወለጋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ትምህርት ቤት ለወራት የተዘጋባቸው ወረዳዎች ነበሩ። በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳውም። ስለዚህ ምዕራፉን የዘለለ ልጅ ጥቂት አይደለም። ኳስና ሩጫ የማይከታተል ልጅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ በኩል እንግባ።

ወደ ድሪባ እንመለስ። ከኅዳር 2000 እስከ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ከሮጣቸው አምስት ማራቶኖችን እንውሰድ። ፉኩኦካ ላይ በ2:06:50 ከዋንጂሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ለንደን ላይ 2:06:38 ሮጦ ስድስተኛ ሆነ። ቤጂንግ 2:10:21፣ አራተኛ። ጥር 2001 ሂዩስተን ላይ 2:07:52፣ አንደኛ። ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ቦስተን ላይ 2:08:42፣ አሁንም አንደኛ።

አምስቱን ሰዓት ወደ ሰከንድ ቀይሩና ደምሩ፣ 38,423 ይመጣል። ለአምስት ሲካፈል 7,684.6 ሰከንድ፤ ይህም 2:08:05 ያህል ነው። አማካይ የምንለው ይህ ነው። አሁን ደግሞ ሰዓቶቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው በሰልፍ አቁሟቸው። መሐል ላይ የቆመው የሂዩስተኑ 2:07:52 ነው። ይህ ሚዲያን ይባላል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ቤጂንግ ነዋ! አንዷ የ2:10:21 ሰዓት አማካዩን ወደ ራሷ ጎትታዋለች። ሚዲያኑን ግን ንቅንቅ አላደረገችውም። ድሪባ በዚያ ቀን ሦስት ሰዓት ቢፈጅ እንኳ ሚዲያኑ ያው 2:07:52 ይሆን ነበር።

በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል ያለው ርቀት 3 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው፤ ሬንጅ ይሉታል። ተማሪ የሚፈራው ስታንዳርድ ዴቪዬሽንም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሰዓት ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል? ርቀቱን በራሱ አባዙ፣ የሁሉንም አማካይ ውሰዱ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። የድሪባ 82 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። በአማርኛ ሲተረጎም "ይህ ሰው 2:08 አካባቢ ይሮጣል፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያና ወዲህ የሚለው በደቂቃ ተኩል ያህል ነው" ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ የሚሮጥን ሰው በ82 ሰከንድ ወዲያና ወዲህ ማለቱ "የሚደክም" አያሰኘውም።

ቁጥር ብቻውን ግን ሁሉን አይነግርም። ደግማችሁ እዩት፦ ከአምስቱ ሁሉ የፈጠነበት ለንደን ስድስተኛ ያደረገው፣ ዘግየት ያለበት ቦስተን ደግሞ ያሸነፈበት ነው። አሜሪካዊው ራያን ሆል ለንደን ላይ በ21 ሰከንድ ቀድሞት ነበር። ቦስተን ላይ ያው ሆል ከድሪባ 58 ሰከንድ ዘግይቶ ሦስተኛ ወጣ። ለንደንና ፉኩኦካ ሜዳማ ናቸው፣ አሯሯጭም ይመደብላቸዋል። ቦስተን አሯሯጭ የለውም፣ ከመንገዱ ማለቂያ በፊት ዳገት ይጠብቃል፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነበር። ቤጂንግ የነሐሴ ሙቀት ነው። የተለያየ ነገር በአንድ ማሰሮ ጨምሮ አማካይ ማውጣት የሚያመጣውን ጣጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

አይ፣ አንድ አለ። ብሔራዊ ቡድናችን። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወትነው። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽን (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበረች) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። በጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በጥር 2014 ካሜሩን ላይ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአዘጋጇ 4 ለ 1፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1። የሦስቱን ውድድሮች ስንደምር በስምንት ጨዋታ 11 ጎል አግብተናል፤ በአማካይ 1.375። እንዲህ የሚያገባ የኢትዮጵያ ቡድን ከሦስቱ በአንዱም ጊዜ አልነበረም! የ1954ቱ በጨዋታ አራት ያገባ ነበር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ቡድኖች በስድስት ጨዋታ ሦስት ብቻ። ሚዲያኑ 1 ነው። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር፣ ሞድ የሚባለው፣ ደግሞ ሁለት ሆኖ ይመጣል፦ ዜሮና አንድ እኩል ሦስት ሦስት ጊዜ። ለደጋፊ እውነቱን የነገረው ሞዱ ነው ብል አታዝኑብኝም።

ያው የዛምቢያ ጨዋታ ወደ ዕድል ሒሳብ ያሻግረናል። ያን ቀን ጎሉን ከማግባታችን በፊት ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተን ነበር። ሳላዲን ሰኢድ መታ፣ ግብ ጠባቂው ምዊኔ አዳነበት። አገር ሙሉ "እንዴት ይስታል?" አለ። በዓለም እግር ኳስ ሲቆጠር የኖረው ግን ከአራት ፍጹም ቅጣት ምት አንዱ ገደማ እንደማይገባ ያሳያል። የማግባት ዕድል 0.75 ነው እንበል። አምስት መቺዎች ለመለያ ምት ቢሰለፉ አምስቱም የማግባታቸው ዕድል ስንት ነው? 0.75ን አምስት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ 0.24 ገደማ ይሆናል። ማለትም አምስት ሰው ሲመታ ቢያንስ አንዱ የመሳት ዕድሉ 76 በመቶ ነው። እንግዲህ በመለያ ምት አንድ ልጅ በሳተ ቁጥር የሚሰደበው ስድብ፣ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ሊደርስ በሚችል ነገር ላይ ነው። (አንዱ መቺ ሲስት የሚቀጥለው ይደነግጣል፣ ስለዚህ ምቶቹ እርስ በርስ አይነካኩም ማለት አይቻልም የሚል አንባቢ ካለ ልክ ነው። ማባዛቱ የሚሠራው ካልተነካኩ ነው። ይህን የጠየቀ ተማሪ ምዕራፉ ገብቶታል።)

ማባዛቱን ያዙልኝ። ዋናው ነገር አሁን ነው የሚመጣው።

በ2010ዎቹ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየክልሉ ከተማ ተስፋፍቷል። የቤቶቹ ነገር ሲፈቀድ፣ ሲታሸግ፣ መመሪያ ሲለዋወጥ ኖሯል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዳይጫወት ተከልክሏል። ቢሆንም ደብተር ይዞ የሚሄድ ልጅ "ኦድ"፣ "ትኬት"፣ "አንድ ጨዋታ ገደለኝ" ሲል ያልሰማ ካለ እሱ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። ፕሮባቢሊቲን ከመምህሩ ያላገኘው ልጅ ከትኬቱ እየተማረው ነው። የትኬቱ ክፍያ ግን ከትምህርት ቤቱ ይበልጣል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ልጁ 10 ብር ያወጣና አሥር ጨዋታ ይሰበስባል። የሚመርጠው ያው ትልልቆቹን ቡድኖች ነው። "እነዚህማ የተረጋገጡ ናቸው" ይላል። እሺ፣ እያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው ብለን እንለፍለት። አሥሩም ማሸነፍ አለባቸው። 0.6ን አሥር ጊዜ ስናባዛ 0.006 ይመጣል። ከሺህ ትኬት ስድስቱ። "አንድ ጨዋታ ገደለኝ" የሚለው ለዚህ ነው፤ አንድ ጨዋታ ሁልጊዜም ይገድላል። ከአሥር የተለያዩ ጨዋታዎች አንዱ መበላሸቱ ክፉ ዕድል ሳይሆን ሥራው ነው።

"ቢሆንም የሚከፍለው ብዙ ነው" ትሉኛላችሁ። እንየው። የሚቀለውን ምሳሌ፣ ሳንቲም መወርወርን እንውሰድ። ዘውድ ወይስ ጎፈር? ዕድሉ እኩል ነው። ለእኩል ዕድል ትክክለኛው ክፍያ እጥፍ ነው፤ በ10 ብር 20 ብር። አወራራጁ ግን ኦዱን 2 አያደርግልህም፣ 1.90 ያህል ያደርግልሃል። በ10 ብር 19 ብር። አንድ ብር ምን አላት? በአንድ ጨዋታ ምንም አትመስልም። አሥር ጨዋታ ስታያይዝ ግን እሷም አብራ ትባዛለች። አሥር ሳንቲም በተከታታይ በትክክል የመገመት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ክፍያ በ10 ብር 10,240 ብር ነበር። 1.90ን አሥር ጊዜ ስናባዛ ትኬቱ የሚከፍለው 6,131 ብር ገደማ ነው። ከአራት ሺህ ብር በላይ የት ገባ? እሷ አንዲት ብር አሥር ጊዜ ተባዝታ ነው። በረዥሙ ሲታይ በአንድ ጨዋታ የተወራረደ ሰው ከ100 ብሩ 95 ይመለስለታል፣ አሥር ያያያዘው ግን 60 ብቻ። ትኬቱ በረዘመ ቁጥር ልጁ ትልቅ ብር ያያል፣ ቤቱ ደግሞ ትልቅ ትርፍ።

1,024 ስንት ሰው ነው? ባለ 60 ተማሪ 17 ክፍል ቢሰበሰብ 1,020 ይሆናል። ያን ሁሉ ተማሪ ሜዳ ላይ አቁሙና እያንዳንዱ አሥር ጊዜ ዘውድና ጎፈር ይገምት። አሥሩንም የሚያገኘው በአማካይ አንድ ልጅ ነው። ያ አንዱ ትኬቱን ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ ሁሉ ይልካል፣ ከተማው ሁሉ ያወራለታል፣ "ጨዋታ የሚያውቅ" ይባላል። የቀሩት ትኬታቸውን ቀደው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ስለ ቤቲንግ በነቀምቴም በአዲስ አበባም የሚሰማው ወሬ የአሸናፊዎች ብቻ ነው።

ሌላዋ ወጥመድ ደግሞ "አሁንስ ይደርሰኛል" የምትለዋ ናት። አምስት ሳምንት የተበላ ልጅ ስድስተኛውን የእሱ አድርጎ ያስባል። ሳንቲሙ ግን ያለፈውን አያስታውስም። አምስት ጊዜ ጎፈር ከወጣ በኋላ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ያው ግማሽ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት 0 ለ 0 ተለያይተው አላፊው በሳንቲም ተለይቷል። የመለያ ምት ገና አልመጣም ነበር። ጣሊያን በሳንቲም ፍጻሜ ገብታ ዋንጫውን በላች። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ሳንቲም ላይ ጎበዝ ናት ያለ ሰው አልሰማሁም። ቤቲንግ ላይ አንዴ የደረሰውን ልጅ ግን ጎበዝ እንላለን።

ይህን ምዕራፍ ለማስተማር ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የከተማው ቡድን በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ስንት ጎል እንዳገባ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች 100 ሜትርን በስንት ሰከንድ እንደሮጡ በደብተር መያዝ ይበቃል። ለመነሻ የሚሆን አንድ ጥያቄ ከድሪባ ልተውላችሁ። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ቦስተን ተመልሶ 2:08:39 በመሮጥ ሦስተኛ ወጥቷል። አሸንፎ ከነበረበት ዓመት በሦስት ሰከንድ ፈጥኖ ማለት ነው። ይህን ስድስተኛ አድርጋችሁ ጨምሩና አማካዩንም ሚዲያኑንም እንደገና ሥሩ። ቁጥሩ ጥንድ ሲሆን መሐል የሚቆሙት ሁለት ናቸው፣ የእነሱን አማካይ ውሰዱ። አማካዩ 2:08:10፣ ሚዲያኑ 2:08:15.5 ካልመጣላችሁ አንዱን ሰዓት ወደ ሰከንድ ስትቀይሩ ተሳስታችኋል።