ወገብዎን ቅጭት ሲልዎ

አንባቢ ሆይ! በመሥሪያ ቤት የመዝገብ ቁልል ሊያነሡ ጐንበስ ባሉበት፥ ወይም ውኃ የሞላ ጀሪካን ከመሬት ብድግ ሲያደርጉ፥ ወገብዎን ድንገት ቅጭት ብሎዎት ያውቃልን? ያን ጊዜ ቀና ማለት ጭንቅ ነው፤ ማስነጠስ እንኳ ያስፈራል። ብዙ ሰውም «አከርካሪዬ ተሰበረ» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም።

በታችኛው ወገብ አምስት ታላላቅ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ይገኛሉ። አጥንቱን ካጥንት የሚያስሩት ጅማቶች ናቸው፤ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙትና የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ ጡንቻዎች ናቸው። ጡንቻው ከልኩ በላይ ተስቦ ክሮቹ ሲበጠሱ አንዱ ዓይነት ጉዳት ይሆናል። አጥንትን ካጥንት የሚያስረው ጅማት ሲጐዳ ግን፥ በቁርጭምጭሚት ላይ እንደምናውቀው ያለ ወለምታ ነው። በወገብ ላይ ሁለቱን መለየት ለሐኪሙም ይቸግረዋል፤ ራጅም ጡንቻና ጅማትን አጥርቶ አያሳይም። ደግነቱ ሕክምናቸው አንድ ነው።

ወገብ ለምን እንዲህ ይጐዳል? እስቲ ሚዛንን ያስቡ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ጀሪካን ከአከርካሪዎ 40 ሳንቲ ሜትር አርቀው ቢይዙት፥ የጀርባ ጡንቻ የሚስበው በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ስለሆነ፥ 160 ኪሎ ያህል ኃይል ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ይህም የራስዎና የደረትዎ ክብደት ሳይቆጠር ነው! ያንኑ ጀሪካን አስጠግተው በ20 ሳንቲ ሜትር ቢይዙት ግን ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ጉልበትን ማጠፍ ብቻ አይበቃም፤ ዕቃውን ወደ ሆድ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ሸክም ይዞ ወገብን መጠምዘዝም ይቅር።

ከተጐዱ በኋላስ? የቀድሞው ምክር «አልጋህ ላይ ተኛ» የሚል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የፊንላንድ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፥ ወገባቸውን ያመማቸው 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን ሁለት ቀን ተኛ፤ ሁለተኛው የወገብ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የዘወትር ተግባሩን ቀጠለ። ከሁሉ የተሻለው ሦስተኛው ነው። (የሕመም ፈቃድ ለመጠየቅ የሚቸኩል ጸሐፊ ይህን ባይሰማ ይመርጥ ይሆናል።)

ስለዚህ ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ በወንበር ላይ ለረጅም ሰዓት አይቀመጡ፤ በሞቀ ፎጣ ቢያሞቁትም ለጊዜው ያስታግሳል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ወጌሻ ጋ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። በለስላሳ እጅ መታሸቱ ባይከፋም፥ ሕመሙ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ የመጣ እንደሆነ፥ ትኩሳት ካለበት፥ ወይም እግርዎ ከደነዘዘና ከዛለ፥ ማንም ወገብዎን በኃይል እንዲጠመዝዝ አይፍቀዱ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሽንት አልወጣ ወይም አልቋጠር ካለዎ፥ ወይም በጭንዎና በመቀመጫዎ መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፥ ነርቭ ተጭኖ ይሆናልና ሳያድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።