ሥዕል ለትምህርት ቤት ግድግዳ

ለቤቱ ሥዕል የሚገዛ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም ሆስፒታል ሲገዛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ኮፒ ይገኛል? ማን ይሰቅለዋል? ቢሰበርስ? ይህን ዓይነቱን ገዢ ፈልገው ከተነሡ ድርጅቶች አንዱ የእንግሊዙ ስኩል ፕሪንትስ ነው።

ድርጅቱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያቋቋመው ዴሬክ ራውንስሊ ነበር። ዴሬክ በ1943 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ መካከል ሞተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሥራውን የተረከበችው ባለቤቱ ብሬንዳ ለታወቁ ሠዓሊዎች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ሆነው የዘመኑን ጥበብ እንዲያዩ አንድ ሥዕል ሥሩልኝ። ምርጫውን በማማከር የጥበብ ሐያሲው ኸርበርት ሪድ አግዟታል።

ለትምህርት ቤቶች የሚሸጡት ህትመቶች ከሌላ ሥዕል በፎቶ የተገለበጡ አልነበሩም። ሠዓሊው ራሱ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ማተሚያ ሰሌዳ ላይ ይሥላል፤ ወረቀቱም በየተራ ከሰሌዳ ወደ ሰሌዳ እያለፈ ቀለም በቀለም ላይ ይደረብበታል። ሊቶግራፍ የሚባለው ይህ ዘዴ ነው። ቀለም በተጨመረ ቁጥር ሰሌዳውም ወጪውም ስለሚጨምር ሠዓሊዎቹ በጥቂት ቀለም መብቃቃት ነበረባቸው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዴ የተዘጋጀ ሰሌዳ በሺህ የሚቆጠር ኮፒ ያወጣል፤ የአንዱን ዋጋ ትምህርት ቤት ሊከፍለው ወደሚችለው ያወረደው ይኸው ነው።

ትልቁ ብልሃት ግን ጠርዙ ላይ ነበር።

ከጦርነት በወጣች አገር እንጨትና መስታወት ውድ ነው፤ ፍሬም ማሠራት ከሥዕሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በብዙዎቹ ህትመቶች ዙሪያ ሠዓሊው ፍሬም የሚመስል ጠርዝ ሣለበት። መምህሩ ወረቀቱን እንዳለ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው ሥዕሉ የተከፈፈ ይመስላል። በ1946 እና በ1947 እ.ኤ.አ. የወጡት ሁለት ተከታታይ ስብስቦች ተወደዱ። ርእሰ ጉዳያቸውም ልጆች የሚያውቁት ነበር፤ የኬኔት ራውንትሪ ትራክተር፣ የባርባራ ጆንስ የመዝናኛ ትርኢት ሜዳ፣ ኤል ኤስ ላውሪ የሣለው የመንገድ ላይ አሻንጉሊት ጨዋታና ከብቦት የሚያየው ሕዝብ።

ከዚያ ብሬንዳ ዓይኗን ወደ ፈረንሳይ አነሣች። በ1947 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ሄዳ ፒካሶን፣ ማቲስን፣ ብራክን፣ ሌዤንና ዱፊን አሳመነች፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሙርም ተጨመረ። ስድስቱ ህትመቶች በ1949 እ.ኤ.አ. ወጡ። ስማቸው ከቀደሙት ሁሉ የገነነ ነበር፤ ገበያው ግን አልተገኘም። ትራክተሩን በደስታ የገዙ ትምህርት ቤቶች የፒካሶን ሥዕል ክፍላቸው ውስጥ ለመስቀል አልፈለጉም፤ ስብስቡም ለድርጅቱ ኪሳራ ሆነ።

ዛሬ ለሆቴልና ለሆስፒታል የሚያቀርቡ ነጋዴዎች የሚመልሷቸው ጥያቄዎች ከያኔዎቹ ብዙም አይርቁም። የሆቴል ክፍል ሥዕል እንግዳው በሻንጣው ይዞት እንዳይወጣ በልዩ ቁልፍ ብቻ በሚፈታ ማያያዣ ግድግዳው ላይ ይታሰራል፤ በመስታወት ፋንታም በቀላሉ የማይሰበር አክሪሊክ ይደረግለታል። ሆስፒታሎች ደግሞ የተፈጥሮ ገጽታን ያዘወትራሉ። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሮጀር ኡልሪክ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። ጥናቱ ስለ ሥዕል ሳይሆን ስለ መስኮት ነበር፤ በአንድ የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው ታካሚዎች የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

የስኩል ፕሪንትስ ሐሳብ በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ኼፕዎርዝ ዌክፊልድ ሙዚየም እንደገና ተጀመረ። ጀረሚ ዴለርና ማርቲን ክሪድን ጨምሮ ስድስት ሠዓሊዎች አዳዲስ ህትመቶች ሠሩ። በዚህኛው ዙር ግን ትምህርት ቤቶቹ ህትመቶቹን በስጦታ ነው የወሰዱት፤ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ሥዕል ሰብሳቢዎች ናቸው።