ድርድር ሲያድግ፦ አንድ ቁጥር ለመጨመር ስንቱ ይገለበጣል?

ሳንሱሲ የሚኖር አንድ የፊዚክስ ተማሪ አለ እንበል። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚመዘገበውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ ልኬት ነው። ጣቢያው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957-58 እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ ሲሆን፣ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ መዝገቡ በሌሎች አገሮችም ተመራማሪዎች ይፈለጋል። በየደቂቃው አንድ ልኬት ሲያዝ የዓመቱ 525,600 ይሆናል። ተማሪያችን ማታ ቤቱ ተቀምጦ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያነበበ «ኑምፓይ» በተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ድርድር ላይ የሚጨምር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ይፈጥናል፤ እየቆየ ግን ይንቀራፈፋል። ለምን?

ድርድር (ከሽማግሌዎች ድርድር ጋር እንዳይምታታብን፤ የእኛው «ደረደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው) ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ቁጥሮች በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ከያዘ 1,000ኛውን ለማግኘት 999ን በ8 አባዝቶ በመነሻው አድራሻ ላይ መደመር ይበቃል። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ችግሩም እንዲሁ። ከድርድሩ ቀጥሎ ያለው ቦታ በሌላ መረጃ ሊያዝ ስለሚችል «አፔንድ» የተባለው ትእዛዝ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ይዞ ነባሮቹን በሙሉ ይገለብጣል፤ አዲሱንም ከመጨረሻው ያክላል። የቀድሞው ድርድር ራሱ አይለወጥም።

እስቲ እናስላው። ከ0 እስከ 525,599 ያሉት ቁጥሮች ድምር 138 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ግልበጣውም ይህንኑ ያህል ይሆናል፤ ወደ 1.1 ትሪሊዮን ባይት ማለት ነው። የመጨረሻው ድርድር ግን 4.2 ሚሊዮን ባይት ብቻ ነው!

ብዛቱ አስቀድሞ ከታወቀ ሙሉውን ድርድር በአንድ ጊዜ ፈጥሮ ቁጥሮቹን በየቦታቸው መጻፍ ይሻላል። ካልታወቀ በፓይተን ተራ ዝርዝር አጠራቅሞ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ወደ ድርድር መለወጥ ነው። ዝርዝሩ ሲያድግ ትርፍ ቦታ ስለሚይዝ በየጭማሪው አይገለበጥም።

አፈጣጠሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «ኢምፕቲ» የተባለው ትእዛዝ ቦታውን አያጸዳም፤ በሜሞሪው ቀድሞ የነበረ ማንኛውም ዝባዝንኬ እንደ ልኬት ሊነበብ ይችላል። «ዜሮስ» የሚሞላው ዜሮም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። የአዲስ አበባ መስክ ከ30,000 ናኖቴስላ በላይ በመሆኑ፣ ያልተመዘገበ አንድ ቀን እንደ ዜሮ ከተቆጠረ የዓመቱን አማካይ ከ80 ናኖቴስላ በላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም በመካከለኛ መግነጢሳዊ ማዕበል ከሚታየው ለውጥ ጋር የሚቀራረብ ነው። ድርድሩን አስቀድሞ «ናን» በተባለው፣ «ቁጥር አይደለም» በሚለው ምልክት መሙላት ግን ባዶውን ደቂቃ ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ ያቆየዋል፤ «ናንሚን» የተባለው ትእዛዝም አማካዩን ሲያወጣ እርሱን ይዘለዋል።