ማሽላ፣ ባሚያና የአረጋውያን ልቡና

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሶሳ የደረሰ የደጋ እንግዳ፣ በተለይም የማኛ ጤፍ እንጀራ ካልቀረበለት የበላ የማይመስለው እንደ ሆነ፣ በቤርታዎች ቤት የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቀርቦለት ወጡ ከጣቱ እንደ ማር ሲሳብ ባየ ጊዜ፣ ለይሉኝታ ያህል አንድ ሁለት ጊዜ ጐርሶ እጁን ይሰበስባል። ይህ ማዕድ በከተሜው ዘንድ የቆላ ሰውና የድኻ ምግብ እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዛሬ የአንጀትንና የአንጎልን ዝምድና የሚመረምሩ ሊቃውንት በጃፓንም፣ በእንግሊዝም፣ በምሥራቅ አፍሪካዊቷ በታንዛንያም ያገኙት ነገር ወደዚሁ ገበታ ሲያመለክት፣ ባለ ገበታዎቹ ግን ከመተከሉ ገነተ ማርያም ጀምሮ እስከ አሶሳ ገበያ ድረስ በፉርኖ ዱቄትና በሩዝ ሊለውጡት ይቻኰላሉ።

ወጡን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በክረምት የደረሰው ባሚያ እርጥቡ ተከትፎ ይሠራል፤ የተረፈው ተቀርድዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ በሙቀጫ ይወቀጥና ለበጋ ይቀመጣል። ዱቄቱ በፈላው ውሃ ላይ ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ ሲማሰል ወጡ ይወፍራል፣ ይለጠጣልም። እንግዳው የሚጸየፈው ያ ልጋግ የመሰለው ነገር፣ ሐኪሞች አሰር ወይም ፋይበር የሚሉት፣ ያውም በውሃ የሚሟሟው ዐይነት ነው። ማሽላው ከነሽፋኑ ሲፈጭ፣ ዝናብ ሲገባ የሚለቀመው የቀርከሃ ቡቃያም ሲቀቀል፣ ሌላውን፣ የማይሟሟውን ዐይነት ይሰጣሉ።

አሰር የሰው ጨጓራና ቀጭን አንጀት ሊፈጩት የማይችሉት የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። ሳይፈጭ ወርዶ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ፣ በዚያ የሚኖሩት እልፍ አእላፋት ደቂቅ ተሕዋስያን ይቀበሉታል፣ ያብላሉትማል፤ ከመብላላቱም አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ይወጣሉ። ቡቲሬት የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍኑትን ሕዋሳት ይመግባል፤ ግድግዳውም ሲጸና፣ ወደ ደም ሊገባ የማይገባው ነገር ሾልኮ በሰውነት ውስጥ ብግነት እንዳያስነሣ ይከለክላል። የሚሟሟው አሰር በተጨማሪ የደምን ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ ከምግብ በኋላ የሚነሣውንም ስኳር ያረጋጋል፤ የአንጎል ደም ሥሮች ደኅንነትም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ በብዙ ተንጠልጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን የተደረገ ምርመራ፣ ያለ ተሕዋስያን ያደጉ አይጦች በአንጎላቸው ውስጥ ያሉት ዘብ ጠባቂ ሕዋሳት ሳይበስሉ እንደሚቀሩ፣ እነዚሁ አሲዶች በመጠጥ ውሃቸው ሲጨመሩላቸው ግን እንደሚያገግሙ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለም፤ መንገዱ ግን ተጠቁሟል።

የአሰር ነገር የተጀመረው በአፍሪካ ምድር መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ዴኒስ በርኪት የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም፣ በስሙ የሚጠራውን የሕፃናት ካንሰር እ.ኤ.አ. በ1958 የገለጸው፣ በኡጋንዳ ሲያገለግል የገጠሩ ሕዝብ በአውሮፓ ሆስፒታሎች የሞሉትን የአንጀት ሕመሞች እምብዛም እንደማያውቃቸው ተመለከተ፤ ምክንያቱንም በገበታው ላይ ፈልጎ በአሰር ብዛት አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪሞት ድረስ ይህን ሲሰብክ ኖረ፤ የፈረንጅ ሐኪሞችም አስቀድመው ሳቁበት፣ በኋላም ተከተሉት። የበርኪት ስብከት ግን በአንጀት ላይ የቆመ ነበር፤ ወደ አንጎል የተሻገሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

በዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ ከስድሳ የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። በእኛ አገር ሽማግሌው የልጁን ስም ሲረሳ፣ አሮጊቷም ከደጃፏ ወጥታ መመለሻው ሲጠፋት፣ «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ዝንጋዔውን እንደ ሕመም ቆጥሮ ወደ ሐኪም የሚወስዳቸው ጥቂት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ከ40 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን 3,739 ሰዎች ምን እንደሚበሉ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1999 ድረስ መዝግበው፣ ከዚያም እስከ 2020 ድረስ የሰው እንክብካቤ እስኪያሻው ድረስ አእምሮው የደከመው ማን እንደ ሆነ ተከታተሉ። በ2022 የታተመው ውጤት፣ አሰር አብዝተው የሚበሉት እጅግ ጥቂት ከሚበሉት ይልቅ ለሕመሙ ያላቸው ተጋላጭነት በሩብ ገደማ ያነሰ መሆኑን፣ ይህም ዝምድና በሚሟሟው አሰር ላይ ይልቁን ጐልቶ መታየቱን ገለጠ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ባሚያ የበላ ሁሉ አይዘነጋም የሚል ሊቅ የለም። አሰር አብዝቶ የሚበላው ሰው በእግሩም አብዝቶ የሚሄድ፣ ትምባሆም የማያጨስ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ክትትል ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያጸናም። በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ሙከራ ከዚህ አንድ እርምጃ የራቀ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 36 ጥንድ መንትዮች ተመርጠው፣ አንደኛው የአሰር ዱቄት ሁለተኛው ሌላ ፍሬ ቢስ ዱቄት ለ12 ሳምንት ሲወስዱ፣ አሰር የወሰዱት በማስታወስ ፈተና የተሻለ አገኙ፤ የጡንቻቸው ኀይል ግን አልተለወጠም። ሰዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በታንዛንያ የተደረገው የኪሊማንጃሮው ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመው በዚህ ጥናት 77 ጤነኛ ወንዶች ተሳትፈው፣ የገጠሩ ሰዎች ለሁለት ሳምንት የምዕራባውያንን ዐይነት ምግብ፣ የከተማዎቹ ደግሞ የአባቶቻቸውን ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ያልተፈተገ እህል ሲበሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ደም ውስጥ የብግነት ምልክት ጨመረ፣ በሁለተኞቹ ቀነሰ፤ ለአንድ ሳምንት ከሙዝ የተጠመቀ ባህላዊ መጠጥ የጠጡትም ተመሳሳይ በጎ ለውጥ ታየባቸው። የለውጡም ጥቂት ከፊል ከአራት ሳምንት በኋላ ሳይጠፋ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ብቻ! ቦርዴ ጠማቂዎች የሙዙን መጠጥ ነገር ቢሰሙ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ አልኮል አብዝቶ መጠጣት ራሱ አንጎልን ከሚጐዱት አንዱ መሆኑን አብረው ይስሙ።

በአሶሳና በጳዌ ዙሪያ የተቀመጠው ሕዝብ ብዙ ዐይነት ገበታ አለው። በ1970ዎቹ በድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች መጥተው የሰፈሩት ሽሯቸውንና ክካቸውን ይዘው መጡ፤ ከእነርሱም ክርስቲያን የሆነው በጾሙ ወራት ሁሉ ከባቄላ፣ ከአተርና ከምስር አይለይም። ከነባሮቹ ማሽላና ባሚያ ጋር ይህ ሲደመር፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ማንጎም ሲታከልበት፣ በረከቱ ትንሽ አይደለም። የሚያሳዝነው፣ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚለወጠው ይኸው ገበታ መሆኑ ነው፤ የመዓርግ ምልክቱ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና ፓስታ ሆነ። ደግሞም በቅርብ ዓመታት በመተከልና በካማሺ በደረሰው ሁከት ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው የሚበላው የተሰጠውን እንጂ የመረጠውን አልነበረም። ማሽላ አጥቶ ለሚያድር ሰው ስለ አሰር መስበክ ነውር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ ከመርሳት ሕመም ወደ 45 ከመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት ወይም ሊያዘገዩት እንደሚቻል ሲገልጽ፣ ከዘረዘራቸው 14 ምክንያቶች መካከል የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የመስማት ችግር ይገኛሉ፤ አሰር በስሙ አልተጠቀሰም። ስለዚህ የአሶሳ ሽማግሌ የደም ግፊቱን ቢያስለካ ከባሚያው ሳይበልጥ አይቀርም፤ ሁለቱም ቢሆኑ ግን ይበጃል እንጂ አይጋጭም።

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበዛ፣ ጨውና ስኳር እንዲቀንስ ያዝዛል። ያ መልካም ነው። ነገር ግን የቤርታና የጉሙዝ ሽማግሌዎች በአንጀታቸው ምን እንደሚያኖሩ፣ ልቡናቸውም ከከተሜው ልቡና ይልቅ ዘግይቶ ይደክም እንደ ሆነ መጠየቅ ያለበት የኪሊማንጃሮ ሐኪም ሳይሆን የአሶሳ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሽማግሌዎቹ እያለፉ፣ ገበታውም እየተለወጠ ስለሆነ፣ ጥያቄው ለነገ የሚባል አይደለም።

ይህን አንብቦ ከነገ ጀምሮ ገበታውን ሊለውጥ የተነሣ ሰው ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንደሚመክር ይወቅ፤ ያልለመደ አንጀት ግን በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ስለሚነፋ፣ ቀስ በቀስ ይጨምር፣ ውሃም አብዝቶ ይጠጣ።