ለመድረክ የሚሆን መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት ይመረጣል?

ሰባኪ ሲያነብ ዓይኑ ያለማቋረጥ ይመላለሳል፤ ከገጹ ወደ ምእመኑ፣ ከምእመኑ ወደ ገጹ። ቀና ብሎ ሰው ካየ በኋላ ያቋረጠባትን መስመር ወዲያው ማግኘት አለበት። ቤት ቁጭ ብለን የምናነበው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ፈተና አይደርስበትም። ስለዚህ ለመድረክ ሲገዙ የወርቅ ጠርዙንና ዚፑን ለጊዜው ይተዉና ገጹን ይግለጡ።

ከሁሉ በፊት ፊደሉን ይዩ። የእኛ ፊደል ብዙውን ድምፅ የሚለየው በወገቡ ወይም በእግሩ ላይ በምትቀጠል ትንሽ ጭረት ነው፤ ‹አለ› እና ‹አሉ› የሚለያዩት በዚያች ብቻ ነው። በደቃቅ ኅትመት ጭረቷ ትደበዝዝና አንባቢው በሰው ፊት ቃሉን አርሞ እንዲደግም ይገደዳል። ርቀቱም አለ። በእጅ የተያዘ መጽሐፍ ከዓይን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ አትሮንስ ላይ የተቀመጠው ግን ከዚያ በላይ ነው። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ የቅርብ ዕይታ ይደክማል፤ የንባብ መነጽርም የሚስተካከለው ለእጅ ርቀት እንጂ ለአትሮንስ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉን መደብሩ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ቆመው፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። እኔ ከ10 ነጥብ በታች የሆነ ፊደል ለመድረክ አልመክርም፤ 12 ቢሆን ደግሞ እሰየው። የጌታ ቃል በቀይ የታተመበትን ደግሞ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሳይሞክሩ አይግዙ፤ ፈዛዛ ቀይ ቀለም ማታ ላይ ያስቸግራል።

ወረቀቱ ስስ የሆነው ወዶ አይደለም። ከሺህ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ በተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት (በካሬ ሜትር 80 ግራም) ቢታተም በአንድ እጅ አይያዝም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 40 ግራም ነው። ችግሩ የጀርባው ጽሑፍ በፊት ለፊት መታየቱ ነው። ጥሩ አታሚ የሁለቱን ገጽ መስመሮች ልክ ለልክ ያነባብራቸዋል፤ ያኔ የጀርባው ጥላ ከፊደሉ ኋላ ይደበቃል፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ንጹሕ ይሆናል። አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት ወዲያው ይለያል።

ዕድሜውን የሚወስነው ጥራዙ ነው። አባቶች ብራናውን አጥፈው፣ ጥራዝ በጥራዝ አድርገው፣ ከእንጨት ገበታ ጋር ይሰፉት ነበር። ዘመን ተሻግረው በየገዳሙ የሚነበቡት መጻሕፍት እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ዛሬም መልካም መጽሐፍ ቅዱስ ይሰፋል። ርካሹ ግን ቅጠሎቹ ከጀርባ ተቆርጠው በሙጫ ብቻ ይያያዛሉ፤ ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ገጽም መርገፍ ይጀምራል። ለመለየት የጀርባውን ጫፍ ከላይ ይመልከቱ፤ የተጣጠፉ ትናንሽ እሽጎች ከታዩና የአንዱን እሽግ መካከል ሲገልጡ ክር ካገኙ የተሰፋ ነው። ከዚያ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ገልጠው እጅዎን ያንሡ። ገጹ ተመልሶ ከተከደነ በስብከት መካከልም ያንኑ ያደርጋል። አዲስ መጽሐፍ መጀመሪያ ትንሽ ሊግደረደር ስለሚችል ግን ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየገለጡ ያለዝቡት።

ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው በአዲስ መስመር ቢጀምሩ ዓይን ቦታውን ቶሎ ያገኛል፤ በአንቀጽ የተቀመጠው ደግሞ የሐሳቡን ፍሰት ያሳያል። ለመድረክ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ማብራሪያ የታጨቀበት የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቤት ይቅር፤ ክብደቱም የግርጌ ጽሑፉም ያዘናጋል።

ትርጉሙን ጉባኤው ይወስናል። ምእመናን የ1954ቱን ይዘው ሰባኪው ከ1993ቱ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ቢያነብ፣ በጣቱ የሚከተለው ሰው ግራ ይጋባል። ኦርቶዶክሳዊ ከሆኑ 81ዱ መጻሕፍት መሟላታቸውን ያረጋግጡ፤ 66 ብቻ ያሉበት እትም ሄኖክንና ኩፋሌን አይዝም። የመዝሙሩንም ቁጥር ይዩ። በግእዙ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር አንድ ስለሆኑ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል፤ የእረኛው መዝሙር በአንዱ 22፣ በሌላው 23 ነው። ሁለቱም ቁጥር የታተመበት ከተገኘ እሱን ይግዙ፤ ካልተገኘም ሌላውን ቁጥር ራስዎ በእርሳስ ከየመዝሙሩ አናት ላይ ይጻፉት፤ የብዕር ቀለም ስሱን ወረቀት አልፎ ይወጣል።