ጥቁር እንጨት፦ ቅርፊቱ ጠላቱ የሆነ ዛፍ

የኮክን ፍሬ በድንጋይ ሰብሮ አስኳሉን ያሸተተ ሰው የጥቁር እንጨትን ቅጠል አሽቶ ቢያሸት እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኮሶም የዚያው የጽጌረዳ ቤተሰብ አባል ነው። ኦሮሞዎች ሆሚ፣ በናይሮቢ ዙሪያ የሚኖሩት ኪኩዩዎች ሙይሪ፣ ሳይንሱ ደግሞ ፕሩነስ አፍሪካና ይሉታል። የደጋና የወይና ደጋ ደን ዛፍ ሲሆን ከ30 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል።

የኬንያ ባህላዊ ሐኪሞች ቅርፊቱን ለደረት ሕመምና ለትኩሳት ሲሰጡ ኖረዋል። ፋብሪካዎች የፈለጉት ግን ለሌላ ነው። ወንድ ዕድሜው ሲገፋ የፕሮስቴት ዕጢው ያብጥና የሽንት ቧንቧውን ይጫናል፤ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ፈረንሳዊው ዣክ ዴባ የቅርፊቱን ንጥር ለዚህ ችግር የፈጠራ መብት አስመዘገበበት፤ እንክብሉም ወደ አውሮፓ ገበያ ገባ።

ይሠራል? የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት 18 ሙከራዎችንና 1,562 ወንዶችን ያካተተ ግምገማው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመማቸው መሻሉን የመናገር ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ እንደበለጠ፣ የሌሊት መነሣቱም በ19 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሙከራዎቹ ግን ትንንሽና አጫጭር ነበሩ። ቅርፊቱ ውስጥ ያሉት ፋይቶስቴሮሎችና ትራይተርፒኖች የተባሉ ውህዶች እብጠትን እንደሚያበርዱ ይታሰባል። ሽንት ያስቸገረው ሰው ግን በመጀመሪያ ካንሰር አለመሆኑን በሐኪም ማረጋገጥ አለበት።

ዛፉን የጎዳው ይኸው ዝናው ነው። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል በመሆኑ፣ ግንዱን ዙሪያውን የላጡት ዛፍ ይደርቃል። ገበያው ሲደራ በካሜሩን፣ በማዳጋስካርና በኬንያ ብዙ ዛፍ እንዲህ አለቀ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ሆነ።

መፍትሔ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ናይሮቢ ነው። ጊጊሪ ሠፈር ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው የዓለም ጥምር ደን እርሻ ማዕከል፣ ኢክራፍ፣ ዛፉን ከጫካ ወደ ገበሬው ማሳ ለማምጣት ሲያጠና ቆይቷል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዘሩ ብዙ ሳይቆይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ የተተከለውም ቅርፊቱ ለመላጥ እስኪደርስ ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። በ40 ዓመቱ ችግኙን የተከለ ገበሬ ዛፉ ሲደርስለት፣ እሱም ሌሊት የሚያስነሣው ዕድሜ ላይ ይደርሳል።