የነፍስ አድን ሰደርያ፤ አመራረጡና አያያዙ

ተማሪዎችን ይዘን ከባሕር ዳር ወደ ጣና ደሴቶች ስንሻገር፣ ከመሳፈራችን በፊት ተማሪዎቹን መቁጠር የተለመደ ነው። በጀልባው ውስጥ ያሉትን የነፍስ አድን ሰደርያዎች የምንቆጥር ግን ስንቶቻችን ነን?

መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ፣ ኔሬሬ የተባለችው ማመላለሻ ጀልባ ከልክ በላይ ሰው ጭና ስትጓዝ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ። አደጋው የደረሰው መሐል ሐይቅ ላይ ሳይሆን ወደቡ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሰደርያ የሚለበሰው ማዕበል ሲነሣ ሳይሆን ገና ከየብስ ሳይለቁ ነው፤ የሚወልቀውም ከወረዱ በኋላ ነው።

ሰደርያው እንዴት ያንሳፍፋል? አርኪሜዲስ እንዳስረዳው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ቦታውን ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። የሰው ገላ እፍጋት ከውሃ ጋር ስለሚቀራረብ፣ የአንድን አዋቂ ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚያህል ድጋፍ ይበቃል። ይህንንም በክፍል ማሳየት እንችላለን። አፉ በደንብ የተከደነ ባዶ የ1 ሊትር ጠርሙስ ባልዲ ውስጥ ብንደፍቅ፣ እጃችንን የሚገፋው ኃይል 10 ኒውተን ገደማ ነው።

በምርጫ ጊዜ ሰደርያው ላይ የተጻፈውን የኒውተን ቁጥር እንመልከት። 50 የሚለው ዋና ለሚችልና እርዳታ በቅርብ ለሚያገኝ ሰው የተሠራ ነው፤ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አያስተኛም። ዋና ለማይችል ተሳፋሪ 100 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውንና ራስን የሚደግፍ አንገትጌ ያለውን እንምረጥ። ልኩ የሚወሰነው በለባሹ ክብደት ነው። ካለበስነውና ዘለበቱን ካጠበቅን በኋላ ትከሻው ላይ ይዘን ወደ ላይ እንሳበው፤ ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው። የአዋቂ ሰደርያ ለልጅ ማልበስ አደገኛ ነው፤ ልጁ ሾልኮ ሊወጣ ይችላልና። ለትንንሽ ልጆች በእግሮች መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሻላል።

አያያዙንም በሚመለከት፣ ሰደርያውን መቀመጫ ማድረግ ወይም ከባድ ዕቃ መጫን ውስጡን ያለውን ፎም ጨፍልቆ ኃይሉን ይቀንሳል። ከተጠቀምንበት በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር እናድርቀው፤ ብርቱ ፀሐይ ጨርቁንና ስፌቱን ያሳሳል፣ እሳትም ፎሙን ያበላሻል። እርጥቡን ካስቀመጥነው ይሻግታል። ስፌቱ የተተረተረ፣ ዘለበቱ የተሰበረ፣ ፎሙ የደረቀ ወይም ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ሰደርያ መወገድ አለበት። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውሃ እንፈትነው።

ውድ መምህራን፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በልኩ የሚሆን ሰደርያ ካልተገኘ፣ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይገባናል። ደሴቱ ቦታውን አይለቅም፤ የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም።